ዝናብ የሌለው ክረምት

ቤታቸው ውስጥ አማርኛ የሚያስተምሩ ወላጆች ሁሉ አንድ ቀን ከልጃቸው የሚመጣባቸው ጥያቄ አለ። «ክረምት ዊንተር ነው ሰመር?» መዝገበ ቃላቱ ዊንተር ይላል። ልጁ ግን «የክረምት ዕረፍት» ስንል የሰመሩን ዕረፍት ማለታችን እንደሆነ ሰምቷል። አዲስ አበባ ያለችው የአክስቱ ልጅ በቪዲዮ ስትደውል «ክረምት ገባ፣ ትምህርት ተዘጋ» ትለዋለች፤ እሱም ተዘግቶለታል። እሷ ሹራብ ደርባለች፣ እሱ ካናቴራውን አውልቆ በረዶ እየቆረጠመ ነው። ታዲያ ማን ተሳሳተ?

ማንም አልተሳሳተም። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ክረምት ሰኔ 26 ገብቶ መስከረም 25 ይወጣል። ሰኔ 26 በዚህ አገር ጁላይ 3 ነው። እኛ ጋ ሰፈሩ ለጁላይ ፎር ርችት ሲገዛ፣ አገር ቤት የክረምቱ በር ይከፈታል ማለት ነው። ለልጆቹ እኔ የምመልስላቸው እንዲህ ብዬ ነው፦ ክረምት ማለት ሰማዩ «ቤት ግቡ» የሚልበት ጊዜ ነው። እዚያ በዝናብ ያስገባናል፣ እዚህ በፀሐይ።

የፀሐዩን ነገር ለዚህ ከተማ ነዋሪ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። ግን ገና ለመጡት ቁጥሩን ልጥቀስ። በ2024 ጁላይ 7 ቀን በአውሮፕላን ማረፊያችን የተለካው ሙቀት 120 ዲግሪ ፋራናይት ነበር፤ በሴልሺየስ 49 ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ከተማዋ መለካት ከጀመረች ወዲህ ያልታየ ነው። ዝናቡስ? ላስ ቬጋስ ዓመቱን ሙሉ የምታገኘው ዝናብ 100 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ አዲስ አበባ በሐምሌ ወር ብቻ ከዚህ በእጥፍ የሚበልጥ ይዘንብባታል።

አገር ቤት ክረምት የሰፈር ነበር። ትምህርት ሲዘጋ ልጅ የሚሄድበት ካምፕ አልነበረም፤ ይመዘገብበትም ነገር አልነበረም። ዝናቡ ጋብ ሲል ሁሉም ደጅ ነው። በቆሎ እሸት የሚጠበስበት ጥግ አለ፣ ኳሷ ከካልሲ ትሠራለች፣ ፊደል ያልጨረሰ ቄስ ትምህርት ቤት ይላካል። ማንም እናት «ልጄ የት ነው?» ብላ አትጨነቅም ነበር፤ ምክንያቱም ልጁ ያለው የሆነች ሴት ዓይን ሥር ነው። ሴትየዋ ካጠፋ ትቆጣዋለች፣ ከራበው ታጎርሰዋለች፣ ማታ ደግሞ ለእናቱ ትነግርበታለች። ይህ ሁሉ ጥበቃ በብር አይከፈልም ነበር። ለዚህም ይመስለኛል ዋጋውን ያላወቅነው።

እዚህ ዋጋው ታወቀ። ትምህርት ሜይ መጨረሻ ላይ ይዘጋል፣ ኦገስት ሁለተኛው ሳምንት አካባቢ ይከፈታል። በመሃል አሥራ አንድ ሳምንት አለ። ወላጅ ግን አሥራ አንድ ሳምንት ፈቃድ የለውም። ከተማችን የምትሠራው ሃያ አራት ሰዓት ነው፤ እኛም አብረናት። አንዱ ዴይ ሺፍት ነው፣ ሌላው ከሰዓት ገብቶ እኩለ ሌሊት የሚወጣበት ስዊንግ፣ ሌላዋ ሌሊቱን ስታጸዳ አድራ ጠዋት የምትገባበት ግሬቭያርድ። ታክሲና ኡበር የሚነዳውማ ሰዓቱን የሚያውቀው እሱና መንገዱ ብቻ ናቸው። እና የብዙ ቤት ክረምት ይህን ይመስላል፦ መጋረጃው ተዘግቷል፣ ኤሲው ይጮኻል፣ የአሥር ዓመት ልጅ የስድስት ዓመት እህቱን ይጠብቃል። ሁለቱም ስክሪን ላይ ናቸው። የመጨረሻው መመሪያ በር ላይ ተሰጥቷል። «በር እንዳትከፍቱ፣ ምድጃ እንዳትነኩ፣ እደውላለሁ።»

ማንንም ለመውቀስ አይደለም ይህን የምጽፈው። ቤት ኪራዩ ሰመር ነው ብሎ አይቀንስም። የሕፃናት መዋያ ለሁለት ልጅ ሲከፈል አንደኛው ወላጅ ለመዋያው እንጂ ለቤቱ እየሠራ አይሆንም። ግን ልጆቹ ብቻቸውን ናቸው፤ ብቸኝነቱን ደግሞ ስላልተናገሩ የለም ማለት አይደለም።

በነገራችን ላይ ብዙዎቻችን «የምኖረው ላስ ቬጋስ ነው» እንላለን እንጂ፣ በወረቀት ከከተማዋ ወሰን ውጭ ነን። ትላልቆቹ ሆቴሎች የተደረደሩበት ስትሪፕ እንኳ አብዛኛው የከተማው ሳይሆን የክላርክ ካውንቲ ነው። በደቡብ ኔቫዳ ጥግ ያለ ካውንቲ ይሁን እንጂ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው ይኖርበታል፤ የስቴቱ ሕዝብ አብዛኛው እዚሁ ነው። በ2023 «ሊትል ኢትዮጵያ» የሚለውን ስያሜ የሰጠንም ካውንቲው ነው። ደስ ብሎናል፣ እልል ብለናል። በሰፈሩ ክትፎ አለ፣ እንጀራ አለ፣ ቡና ይፈላል፣ ገንዘብ ይላካል። ልጅ ይዛችሁ ስትሄዱ ግን «አርፈህ ተቀመጥ» ከማለት በቀር የምታደርጉት ብዙ ነገር የለም። ትንሿ ኢትዮጵያ ለትንንሾቹ ኢትዮጵያውያን የሚሆን ጥግ ገና አላበጀችም። የኔ አስተያየት ነው፤ የሚከፋው ሰው ካለ ይጻፍልን፣ እናወጣለታለን።

እስከዚያው ድረስ ሰፈሩን ራሳችን ብንሠራውስ?

በአንዳንድ አፓርታማዎች ውስጥ የተጀመረ ነገር አለ፤ እኔ «የሰዓት ዕቁብ» እለዋለሁ። ዕቁብ ምን እንደሆነ ለናንተ አላስረዳም። ልዩነቱ የሚጣለው ብር ሳይሆን ሰዓት መሆኑ ነው። ሦስት ወይም አራት ቤተሰብ ይሰባሰባል፤ ሺፍታቸው የተለያየ መሆኑ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ዴይ የሚሠራው በምሽቱ ይጠብቃል፣ ስዊንግ ያለችው ጠዋቱን፣ ማክሰኞና ረቡዕ ኦፍ የሆነው እነዚያን ቀናት። እያንዳንዱ በሳምንት አንድ ቀን ስድስት ሰዓት ቢሰጥ፣ አራት ቤተሰብ ሲሆን ልጆቹ አራት ቀን ከሰው ጋር ይውላሉ ማለት ነው። ከሰው ጋር ስል ከአዋቂም ከጓደኛም ጋር ነው።

ቀላል ይመስላል፣ አይደለም። እንቅፋቱ ጊዜ ማጣት ብቻ አይደለም፣ ይሉኝታም አለ። «ልጆቼን ያዥልኝ» ማለት እናፍራለን፤ «አልችልም» ማለት ደግሞ ከዚያ የባሰ እናፍራለን። ስለዚህ አንዷ ደግ ሴት ትገኝና የሁሉም ልጆች እሷ ላይ ይከመራሉ። እሷም አትናገርም። ከአንድ ወር በኋላ ትኮራረፋላችሁ፤ ልጆቹ ለምን እንደተለያዩ ሳያውቁ ይለያያሉ። ይህን ብዙ ጊዜ አይተናል።

መፍትሔው እንደ ብሩ ዕቁብ ዳኛ መሾም ነው። ዳኛ ይኑር፣ ደንቡም ይጻፍ። ማን በየትኛው ቀን ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት? ምሳ ማን ያቀርባል? ስክሪን ለስንት ደቂቃ ይፈቀዳል? አለርጂ ያለበት ልጅ አለ? ልጆቹን ማን ነው መኪና ውስጥ ይዞ መሄድ የሚችለው፣ የመኪና ወንበራቸውስ አለ? በስንት ደቂቃ ያረፈደ ሰው ይካሳል? (ዕቁብ በልቶ የሚጠፋ እንዳለ ሁሉ፣ ልጆቹን አስቀምጦ ስልኩን የሚዘጋም አይጠፋም።) አንድ ነገር ደግሞ ያለ ድርድር ይጻፍ፦ አዋቂ ውሃው ዳር ተቀምጦ በዓይኑ ካልጠበቀ በቀር ወደ አፓርታማው መዋኛ ማንም ልጅ አይሄድም።

ስለ ውሃው ትንሽ ልቆይበት። የምንበዛው የደጋ ልጆች ነን፤ መዋኘት አልተማርንም። ልጆቻችን ግን ያደጉት ገንዳ ባለበት ግቢ ነው። በዚህ አገር ከአንድ እስከ አራት ዓመት ያሉ ሕፃናትን ከሌላው ምክንያት ሁሉ የበለጠ የሚገድላቸው መስጠም ነው። መስጠም ደግሞ በፊልም እንደምናየው አይጮኽም፤ ዝም ብሎ ነው። እናት ሽንኩርት ለመክተፍ ዞር ስትል ያልቃል። ካውንቲውም ከተሞቹም በመዋኛዎቻቸው የዋና ትምህርት ይሰጣሉ፤ ቦታው ቶሎ ስለሚያልቅ ለሚቀጥለው ዓመት በጸደዩ ጀምራችሁ ተከታተሉ። ወደ ሌክ ሜድ ስትወርዱ የፕላስቲክ ተንሳፋፊውን አትመኑ፤ ንፋስ ሲነሳ ልጅን ይዞ ወደ መሃል ይሄዳል። ላይፍ ጃኬት ይልበሱ። በኔቫዳ ሕግ ጀልባ ላይ ያለ ከ13 ዓመት በታች የሆነ ልጅ መልበስ ግዴታው ነው።

አሁን ደግሞ ወደ አያቶቹ። በየሰመሩ ለልጅ ጥበቃ ከአገር ቤት የሚመጡ እናቶች አሉን። እነሱ ሲመጡ ቤቱ ቤት ይሆናል፤ ልጁ አማርኛው ይፈታል፣ ሽሮው ይንተከተካል። ነገር ግን አንድ ጠብ አለ፣ በየቤቱ ያለ ጠብ፤ የኤሲ ጠብ። «ይሄ ነገር ብርድ ያስመታኛል» ብለው ልጆቻቸው ሥራ እንደወጡ ያጠፉታል። እማማ፣ እባክዎን ይስሙኝ። በ2024 በዚህ ካውንቲ ከሙቀት ጋር በተያያዘ የሞተው ሰው ከ500 በላይ ነው። ሁሉም መንገድ ላይ አልወደቁም፤ ቤታቸው ውስጥ፣ ኤሲው ተበላሽቶ ወይም ጠፍቶ የሞቱ አሉ። በዕድሜ የገፋ ሰው ሙቀቱ ሲጎዳው ጥማቱ ላይሰማው ይችላል። ጋቢ ደርበው ይቀመጡ፣ ካልሲ ያድርጉ፣ ኤሲው ግን አይጥፋ። 78 ላይ ይቆይ፤ ያ ማለት በሴልሺየስ ከ25 በላይ ነው፣ የአዋሳ ቀን ነው። ልጆች፣ ይህን ለአያቶቻችሁ በአማርኛ አንብቡላቸው። ኤሲው ከተበላሸ ደግሞ በስልክ 211 ብትደውሉ የማቀዝቀዣ ማዕከል የት እንዳለ ይነግሯችኋል።

መኪናውንም እንዲሁ። «እንጀራ ገዝቼ ልመለስ» ብሎ ልጅን መኪና ውስጥ መተው በዚህ ከተማ አንድ ደቂቃም አይሆንም። ሰባት ዓመትና ከዚያ በታች የሆነን ልጅ አደጋ ላይ በሚጥል ሁኔታ ብቻውን መኪና ውስጥ መተው በኔቫዳ ወንጀል ነው። ሕጉ ባይኖርም እንኳ መቀመጫው በደቂቃዎች ውስጥ ምጣድ ይሆናል። አስፋልቱም ያቃጥላል። ጁላይ ላይ ቀትር ሲሆን እስከ 160 ፋራናይት ይግላል፤ ባዶ እግሩን ወደ ፖስታ ሳጥን የሮጠ ልጅ ሆስፒታል ሊገባ ይችላል።

ታዲያ የት ይኬዳል? በነፃ? ቤተ መጻሕፍት። የላስ ቬጋስ–ክላርክ ካውንቲ ቤተ መጻሕፍት ቅርንጫፎች በየሰፈሩ አሉ፤ ካርዱ በነፃ ነው፣ ኤሲው በነፃ ነው፣ የሰመር የንባብ ፕሮግራም አላቸው። ትንንሾቹን ግን ጥሎ መሄድ አይቻልም፤ የዕድሜ ደንባቸውን ጠይቁ። የሰዓት ዕቁቡ ተረኛ አራት አምስት ልጅ ይዞ ለመዋል ከዚህ የተሻለ ቦታ እኔ አላውቅም።

ምሳም አለ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የትምህርት ቤቱ ምሳ አብሮ ይዘጋል፤ በየመሳቢያው ያለውን ቺፕስ የሚበላ ልጅ ብዙ ነው። በፌዴራል መንግሥቱ የሰመር ምግብ ፕሮግራም 18 ዓመትና ከዚያ በታች የሆነ ልጅ ለሁሉም ክፍት በሆኑት ቦታዎች ሄዶ በነፃ ይበላል። ማመልከቻ አይሞላም፣ የወላጅ ገቢ አይጠየቅም። እዚህ ከተማ ስሪ ስኩዌር የተባለው የምግብ ባንክ በተለያዩ ቦታዎች ያዘጋጃል። «ለድሀ ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ የከፈላችሁት ታክስ ነው።

እሁድ ከሰዓት ደግሞ ተራራውን አትርሱ። ማውንት ቻርልስተን ከከተማው አንድ ሰዓት አይሞላም። ካይል ካንየን ውስጥ ያለው መንደር ከፍታው ወደ 2,300 ሜትር ነው፣ ከአዲስ አበባ ጋር ተቀራራቢ። ከተማው 110 ሲሆን እዚያ ሹራብ ባያስፈልግም ሰው መተንፈስ ይችላል፤ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ፋራናይት ይቀንሳል። መንገዱን ሲወጡ የጥድ ሽታ ይመጣል። አብረውኝ የሄዱ አንድ አዛውንት መስኮቱን አውርደው «እንጦጦ» አሉ፤ ሌላ ምንም አልተናገሩም። እሳት ግን ተጠንቀቁ። በ2013 ጁላይ መብረቅ ያስነሳው ቃጠሎ እዚያ ወደ 28,000 ኤከር በልቷል፤ ስለዚህ በሰመር ከሰል ማቀጣጠል ብዙ ጊዜ ይከለከላል። ዱለቱን ቤት ሠርታችሁ ውጡ። ከመውጣታችሁ በፊት መንገዱ ክፍት መሆኑንም እዩ፤ በ2023 ኦገስት ሂለሪ የተባለው ማዕበል ባመጣው ጎርፍ መንገዱ ተቆርጦ ነበር።

ጎርፍ ካልኩ ዘንዳ፣ ይህ ክረምት ጭራሽ ዝናብ የለውም ብል ውሸት ይሆናል። ከጁላይ ጀምሮ ከደቡብ እርጥብ አየር ይመጣል፤ ሞንሱን ይሉታል። ከሰዓት በኋላ ደመናው ይጠቁራል፣ አቧራ ይነሳል፣ ከዚያ ሃያ ደቂቃ ይወርዳል። የመጀመሪያዋ ጠብታ ስትወድቅ ሁሉም ወደ ውስጥ ሲሮጥ፣ ወደ ፓርኪንግ ሎት ወጥቶ እጁን የሚዘረጋ ሰው ካያችሁ የኛ ሰው ነው። ልጆቹም ይውጡ፣ ይርጠቡ፣ መሬቱን ያሽትቱ። መብረቅ ከተሰማ ግን ወደ ቤት። ከኮንክሪት የተሠሩት የጎርፍ መውረጃ ቦዮች አጠገብም አይድረሱ፤ ዝናቡ የዘነበው ተራራው ላይ ሆኖ ጎርፉ ፀሐይ ባለበት ሰፈር ድንገት ይደርሳል።

ኦገስት ሲገባ ሌላ ችግር ይመጣል። አገር ቤት ትምህርት የሚከፈተው ከእንቁጣጣሽ በኋላ ነው፤ ቡሄ የሚደርሰው በዕረፍቱ መሃል ነው። እዚህ ነሐሴ 13፣ ማለትም ኦገስት 19 ሲመጣ ልጆቹ ትምህርት ከጀመሩ ሳምንት አልፏቸዋል። ዋዜማው የሥራ ቀን ከሆነ፣ በማግሥቱ ደግሞ አውቶቡሱ በጠዋት ይመጣል። ስለዚህ ብዙ ቦታ ሆያ ሆዬው ወደ ቅዳሜ ይዛወራል። ምንም ችግር የለውም። አጥብቄ የምለው፣ ልጆቹ አዳራሽ ውስጥ ማይክሮፎን ይዘው ለወላጅ ከሚዘምሩ፣ በር ይምቱ ነው። ቡሄ የሚያምረው በር ሲከፈት ነው። ካንድ አፓርታማ አራት በር ይበቃል፤ የሰዓት ዕቁቡ ቤተሰቦች ራሳቸው አራት በር ናቸው። የሜክሲኮው ጎረቤት ወይም የፊሊፒኗ እናት አስቀድሞ ከተነገራቸው አምስተኛና ስድስተኛ በር ይሆናሉ፤ እነሱም ሃሎዊን ላይ እኛን ለምደውናል።

በዚያ ሰሞን ፀሐይ የምትጠልቀው ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር አንድ ሰዓት ተኩል። ከዚያ በፊት አትውጡ፤ ጨለማ ሲሆንም አስፋልቱ ወዲያው ስለማይበርድ ጫማ ይደረግ። ዱላው የመጥረጊያ እጀታ ቢሆን ማንም አይታዘብም። ችቦውን ተዉት፤ ግቢው ደረቅ ነው፣ ሥራ አስኪያጁም ይጠራባችኋል፤ የባትሪ መብራት ይያዝ። ግጥሙን የማያውቁት ልጆች ተቀባይ ይሁኑ፤ አውራጁ ግን ከናንተው አንዱ ነው፣ ድምፁ ጎርናና የሆነው ታክሲ ነጂ ቢሆን ይመረጣል። ለልጆቹ ዶላር ከመስጠት በፊት ሙልሙል ስጧቸው። በፍልሰታ ጾም ውስጥ ስለሆነ ቅቤም ወተትም አይገባበትም። ከጋገራችሁት በኋላ በእርጥብ ፎጣ ጠቅልሉት፤ የዚህ አገር አየር ሳትሸፍኑት ከተዋችሁት እስከ ምሽት ድንጋይ ያደርገዋል።